አድሚኗ የኔነሽ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ወሬ ለማዳረስ ስልክ አስፈልጓት አያውቅም። ነርሷ የኔነሽ ግን፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ወጣቱን ስለ ኤችአይቪ የምታስተምርበት የቴሌግራም ቡድን ከፈተች። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ ሰው ቡድኑ ውስጥ በገባ ቁጥር ስልኩ «እገሌ ቡድኑን ተቀላቅሏል» እያለ ለአባላቱ ሁሉ ማወጁ ነው።

ብዙም ሳይቆይ «ተቀላቀለ» የበሽታው ስም ሆኖ አረፈው። አንዱ ጉንፋን ይዞት ሲያስል ከታየ «ምስኪን፣ ይሄም ተቀላቀለ» ይባልለታል። መቼም የዘመኑ ሰው ተምሯል፤ በሽታው በሳልም በመጨባበጥም እንደማይተላለፍ አሳምሮ ያውቃል። በቴሌግራም እንደሚተላለፍ ግን የተጠራጠረ አልነበረም። ስለዚህ ብልጥ ብልጡ ከቡድኑ ወጣና ጤነኛ ሆነ።

ከሁሉ የባሰባት አድሚኗ ናት። የእጮኛዋ የደምሌ እናት ወይዘሮ ዘነበች አድሚን ማለት ምን እንደሆነ ሰው ጠይቀው «አለቃ ማለት ነው» ተባሉ። አባሉ እንዲህ ከሆነ አለቃይቱማ እንዴት ልትሆን ነው? ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ ጌሾው ሳይቀር ተገዝቷል። እሳቸው ግን ሽማግሌ ላኩባት፤ ልጅቱ ትመርመር፣ አለዚያ ሠርጉ ይቅር።

የኔነሽ ተናደደች። ደምሌን ትወደዋለች፤ ሠርጉ እንዲቀርባት አትፈልግም። ቢሆንም ከጋብቻ በፊት የሚመረመሩት ሁለቱም ናቸው፤ እሷ ብቻዋን ምን በወጣት? እንመርመር ከተባለ አብረን ነው ብላ መለሰች። ወይዘሮ ዘነበች ይህን ሲሰሙ ሳቁ አሉ። ልጃቸው እኮ አልተቀላቀለም።

ቅዳሜ ማታ ደምሌ ሱቁን ዘግቶ መጣና ደጃፏ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። እጇን ያዘ። ለእሱ ምርመራው እንደማያስፈልግ፣ ራሱን ካወቀ ዓመታት እንዳለፉ፣ ዕቃ ላመጣ ነው እያለ ደብረ ታቦር የሚመላለሰው መድኃኒቱን ሊወስድ እንደሆነ ነገራት። ከመተጫጨታቸው በፊት ሊነግራት እየፈለገ አፉን ይይዘው ነበር። አሁን በደሙ ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም።

«ቡድንሽ ውስጥ በሌላ ስም አለሁ» አላት። «መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ ቫይረሱም በምርመራ የማይታይ ሰው ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም፤ ያገባል፣ ይወልዳል ብለሽ ጽፈሻል። ከልብሽ ነው?»

የኔነሽ ይህን ጥያቄ ለስንቱ ስትመልስ፣ የከተማውን አላዋቂነት ስታማ ነው የከረመችው። የጻፈችው እውነት እንደሆነም ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ከልቤ ነው እንጂ» አለችው።

ደምሌ ቁልቁል ባዶ መዳፉን አየ።

«ታዲያ እጅሽን ምነው ሰበሰብሽው?»