ያላየሽውን አትጻፊ

ብርጭቆው ውስጥ የበረዶ ስባሪ ሲንሳፈፍ አይታ ማናህሎሽ ውሃውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። መብራት በሚቆራረጥበት በዚህ የባዕድ አገር ሰፈር፣ በኮር ዊሊያም፣ በረዶ ሊሠራ የሚችል ፍሪጅ አንድ ብቻ ነው፤ የሟች ወንድሟ ክሊኒክ ውስጥ ያለው የክትባት ፍሪጅ።

«እትዬ አረጋሽ፣ ውሃውን የት ነው ያቀዘቀዙት?»

ጎረቤቷ አረጋሽ ሆቴሏን ዘግታ ለለቀስተኛው ስትሮጥ የሰነበተች ሴት ናት። ደግነትም ጣጣ አለው። ከክሊኒኩ ፍሪጅ መሆኑን፣ ቶሎ እንዲበርድም ትናንት ማታ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው እንዳዞረችው ነገረቻት። ማናህሎሽ ክው አለች። ነገ ጠዋት እናቶች ከሎሎጎ ድረስ ሕፃን አዝለው ለክትባት ይመጣሉ። በረዶ የነካው ክትባት ከውሃ አይሻልም፤ እናት ልጄ ተከተበልኝ ብላ ትሄዳለች፣ በሽታው ግን አይምረውም።

ከፍራሹ ስትነሳ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። ሠልስቱ ሳያልቅ ወደ ሥራ!

ይበሉ። ከአገር ቤት አምጥቶ ጤና ረዳት ያደረጋት ራሱ ወንድሟ አለባቸው ነው። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋት ማታ ሳይጽፍ ውሎ አያውቅም። አንድ ጊዜ እሷ ረስታ በግምት ስትሞላ ደረሰባት። አልጮኸም፤ ቁጥሩን ሰረዘና፣ «ያላየሽውን አትጻፊ። ባዶ ቦታ አያሳፍርም፤ ውሸት ግን ልጅ ይገድላል» አላት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ያ ሳምንት አሁን ቆጫት።

ክሊኒኩ ገብታ ፍሪጁን ከፈተች። ቴርሞሜትሩ ሁለት ይላል። ደህና ቁጥር ነው፤ ግን ማለዳ መብራት ሄዶ ፍሪጁ ሞቅ ብሏል፣ ሌሊቱን ስንት እንደነበር ማን አየ? አለባቸው ለማስተማሪያ ሆን ብሎ በረዶ አድርጎ ያቀለጠው ብልቃጥ ነበር። ያንንና ከፍሪጁ ያወጣችውን ባንድ እጇ ይዛ፣ እሱ እንዳሳያት ነቀነቀቻቸውና ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸው። ደህና ክትባት ደፍርሶ ይቆያል፤ የተበላሸው ቶሎ ይዘቅጣል። እባክህ ደፍርሰህ ቆይ፣ አለች በሆዷ የፍሪጁን ብልቃጥ።

ሁለቱም እኩል ዘቀጡ።

አረጋሽ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ማናህሎሽ ብልቃጦቹን «አይሰጥም» ብላ ለየች፤ ሎሎጎ ላሉት እናቶችም ነገ እንዳይመጡ አስደወለች። የቀረው ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ነው። የመጨረሻው ቁጥር የእሑድ ማታ ነው፤ አምስት፣ በአለባቸው ጽሕፈት። ሰኞና ማክሰኞ፣ ጠዋትም ማታም፣ አራቱም ቦታ ባዶ ነው።

«ባዶዎቹን ሙዪልኝ፣ ልጄ፣» አለች አረጋሽ። «የእኔን ጥፋት ሰው አይየው።»

ማናህሎሽ እስክሪብቶውን ከአምስቱ ጎን አሳረፈች። ከዚያ አራቱን ባዶ ቦታ ዘልላ የዛሬን፣ የረቡዕን ጻፈች፤ ሁለት።