ብሌን ያልተሰጠው ሎጌን

ሠዓሊው ሃራዳን ብሌን ሲያሳርፍ ሙታን ሽፋሽፍታቸውን ያርገበግባሉ ይባላል። የሚለውም እሱ ራሱ ነው። እሱ በሚዞርባቸው ሦስት ወረዳዎች ከሞተው ሰው ይልቅ የእሱ ብሩሽ ዓይን የሰጠው ይበዛል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት ሟቹን በጥቅል ወረቀቱ ላይ ይሥለዋል፤ ገላውን በቀይ አፈር፣ ሽርጡን በእርድ፣ እግሩ ሥር ያለውን ሣር በአደንጓሬ ቅጠል ጭማቂ። ብሌኑን ብቻ ይተወዋል። ሟቹ ቤት ሄዶ፣ ቤተሰቡ ፊት ተቀምጦ ብሌኗን በጥላሸት ቀለም እስኪነካት ድረስ ያ ሰው በወዲያኛው ዓለም በዳበሳ ይሄዳል።

ዱማ የሚባል ገበሬ ሃራዳንን ሰው ልኮ ያስጠራው ለልጁ ለሎጌን ነበር። ሎጌን ወደ ደቡብ ለግንባታ ሥራ ከሄደ ሦስት ክረምት አልፏል፤ ድምፁ ከጠፋ ሁለት። በቀደም ዱማ በሕልሙ ልጁ የደጁን መቃን እየዳበሰ፣ መግቢያው ጠፍቶት ሲንከራተት አየ። በቃ፣ ሞቷል አለ። ለሚስቱ ለሳምባሪ ትንፍሽ አላለም። እሷ ያወቀችው ሃራዳን ግቢያቸው ውስጥ ጥቅሉን ሲዘረጋ ነው።

ሃራዳን እንደ ልማዱ ጉራውን ነዛ፤ የኩራዙን ጥላሸት ሰባት ቀን ሙሉ እንደሰበሰበ፣ የሚቀላቅልበትን ሙጫ ዝሆን ቢጎትተው እንደማይላቀቅ። ጥላሸቱን በኮኮናት ቅርፊት በጥብጦ ብሩሹን ሲያነሳ ሳምባሪ የሥዕሉን ፊት በእጇ ከደነችው።

"ብሌን የሚሰጠው ለሞተ ነው" አለች።

"ልጁ እየተደናበረ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ። እንዲህ ጨከንሽ?" አላት ዱማ።

"የጨከንኩት እኔ ነኝ? ተኝተህ በሕልምህ የገደልከው አንተ ነህ።"

ከዚያ ሁለቱም ወደ ሃራዳን ዞሩ። ዱማ አባትየው እኔ ነኝ፣ ቀጥል አለው። ሳምባሪ ደግሞ ዓይኑ ለወዲያኛው ዓለም ከተሰጠ ሎጌን ነገ ቢመጣ በየትኛው ዓይኑ ሊያየኝ ነው አለችው። ከሞት ንጉሥ ጋር ተከራክሬ ረትቻለሁ የሚለው ሰው ለባልና ሚስቱ መላ መፈለግ ጀመረ። እስከ አጨዳ እንቆይ ቢል፣ ዱማ እስከዚያ ልጄ ከየዛፉ ጋር ይላተም ወይ ብሎ ጮኸበት። በስሱ ብቻ ነጠብ ላድርጋት ቢል ሳምባሪ ሳቀችበት።

"ትንሽ ሞት አለ እንዴ፣ ወንድም ጋሼ? ሺህ ሙት አይቻለሁ ስትል ኖረሃል። ይሄ ሞቷል? ንገረኝ።"

ሃራዳን በጣቶቿ መሃል አሾልኮ ሥዕሉን አየ። ሎጌንን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የሣለው ሁሉንም ሰው እንደሚሥለው ነው፤ ያው አፍንጫ፣ ያው ትከሻ።

"አላውቅም" አለ። ይህች ቃል ከአፉ ስትወጣ የሰማ ሰው በሦስቱም ወረዳ የለም።

ጥላሸቱ ቅርፊቱ ውስጥ ደረቀ። ዱማ ውሃ ጠብ አደረገበት። ደረቀ፤ ደግሞ ጠብ አደረገበት። ሃራዳን ክንዱ እየዛለ ብሩሹን እንዳነሳ ቀረ። የሳምባሪም እጅ አልተነሳ፣ ዱማም ተነስተህ ሂድ አላለው።