የደጃፉ ድንጋይ

ሬጉላ ቴንድሊ አንብባ ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መጽሐፏ በዙሪክ ደጋግሞ ታትሟል፤ በዚህች ተራራማ መንደር ግን ደራሲዋ ራሷ ቆማ ስታነበው የመጀመሪያዋ ነበር። የመረጠችውም ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን ክፍል ነው፦ ወላጅ አልባዋ ልጅ የገበሬውን ማዕድ ትታ፣ ሳህኗን ይዛ ወደ ደጃፉ ድንጋይ ትወጣና ብሌስ ከሚባለው ውሻ ጋር ፀሐይ እየሞቀች ትበላለች።

የመጽሐፉ ደግ ገበሬ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። በመጽሐፉ ስሙ ቢለወጥም ካስፓር ኖትስ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ሬጉላ በወጣትነቷ አንድ በጋ በቤቱ ከርማለች። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ የመንደሩ ሹማምንት ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በየኅዳሩ ሲያከፋፍሉ እርሱን ያስቀድማሉ። ልማዱ ልጁን፣ ለቀለቡ ከሕዝብ ካዝና ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው መስጠት ነው።

ዛሬም ከንባቡ በኋላ ኤልስቤት የምትባል ትንሽ ልጅ ከመድረኩ ጎን አቆሙ።

«እኔ ምንም አልጠይቅም» አለ ካስፓር ተነሥቶ። «ደግነቴ በመጽሐፍ ወጥቶ ዛሬ ሳንቲም ብጠይቅ ምን ትሉኛላችሁ?»

«መጽሐፉ ላይ ሆድህ አነስ ያለ ነበር እኮ!» አለው አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ልጅቱ ዐይኗ እያበራ፣ «እኔም ደጃፍ ላይ ከውሻው ጋር ነው የምበላው?» ስትል ጠየቀችው።

«እንዴታ! ውሻዬን ሁሉ ብሌስ ነው የምለው፤ የዛሬውም እየጠበቀሽ ነው።»

ይህን ጊዜ አንዲት ሴት ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ወደ ሬጉላ ቀረበች። በሳሙናና በውርጭ የተሰነጣጠቁ እጆቿ ልብስ አጣቢነቷን ይናገራሉ። ሬጉላ ፊቷን ስታይ ደነገጠች፤ ፍሬና ናት፣ የመጽሐፉ ወላጅ አልባ ልጅ።

«እትዬ፣ ለምን ደጃፍ ላይ እበላ እንደነበር ያውቃሉ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማዕድ ላይ ሆነው በመስኮት ያዩኝ ነበር። እኔ ብናገር ቅናት ነው ይሉኛል። እርስዎ ግን አንድ ቃል ቢናገሩ ያምኑዎታል።»

«ፍሬና፣ እኔ የጻፍኩት ለሕፃናት ነው።»

«እሷስ ምንድን ናት?»

ሬጉላ በእጇ ያለውን መጽሐፍ ዘጋች። አዎ፣ በመስኮት አይታለች። በዚያ ቤት በቀለብ የተሰጠ ልጅ ከማዕድ አይቀርብም፤ ቢዘንብም ቢያካፋም የፍሬና ቦታ ያ ድንጋይ ነበር። አንድ ቀን ምክንያቱን ስትጠይቅ የካስፓር ሚስት ሾርባ ጨመረችላት፤ ሾርባው ጣፋጭ ነበርና ጥያቄው በዚያው ቀረ። ኋላ ስትጽፍ ዝናቡን አስቀርታ ፀሐይ አወጣችለት። ምን ክፋት አለው? አንባቢ ሕፃናትን ማስለቀስ አልፈለገችም።

«እመቤት ቴንድሊ» አሏት የመንደሩ ፓስተር፣ «ለልጅቱ አንድ ቃል ቢያሰሙን።»

ተነሣች። የሚወዷት ፊቶች ሁሉ ወደ እርሷ ዞረዋል። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያም እጇ፣ እንደ ለመደው፣ ብዕሩን አነሣ። መጽሐፉን ገልጣ «ለውድ ኤልስቤት» ብላ ጻፈችና ፈርማ ሰጠቻት።

ጭብጨባው ሲያባራ ቀና ብላ በሩን አየች። ፍሬና ሄዳለች።

ከፓስተሩ ቤት ራት በልታ ስትመለስ፣ ሠረገላዋ በካስፓር ደጅ አለፈ። አመዳይ መውረድ ጀምሯል። ኤልስቤት ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፤ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አጋድማ ሳህኗን እንደ ገበታ አስቀምጣበታለች። በማንኪያዋ ሳህኑን እየመታች፣ «ብሌስ! ና ብሌስ!» ትላለች።

ከተዘጋው በር በስተኋላ፣ ከሞቀው ቤት ውስጥ፣ ውሻው ጮኸ። የሰዎች ሳቅ ተከተለው።

ልጅቱ ሠረገላውን ስታይ በደስታ እጇን አውለበለበች።

«እትዬ! አሁን ሊወጣ ነው!»

ሬጉላ እጇን ወደ ሠረገላው መስኮት አነሣች፤ ሰላምታውን ልትመልስ ይሁን ነጂውን ልታስቆም፣ ራሷም አላወቀችም። ቤቱ ከመታጠፊያው ኋላ ሲሰወር እጇ ገና እንደ ተነሣ ነበር።