አሽሙር የማይገባት ፈታይ

«ደከመሽ መሰለኝ፤ ቤትሽ ሄደሽ ተኚ እንጂ» አለቻት አመተሥላሴ። ጥሩሸዋ እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዘመሮ በሚገኘው የሱፍ ፈታዮች ማኅበር ቤት የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። በ1998 ዓ.ም. ማኅበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ በብዛት ታዝዞለት፣ ፈትሉ በማግስቱ ለሸማኔው መድረስ ነበረበት። ሊቀመንበሯ አመተሥላሴ እንዲያ ያለችው፣ ጥሩሸዋ ሥራዋን ትታ ፈዝዛ ስታያት ልትሸረድዳት ነበር። እሷ ግን የምር አድርጋው ሄደች። ሴቶቹ ንቃናለችና ትሰናበትልን አሉ።

ወሬውን የሰማው የጥሩሸዋ ባል ወልደ ጻድቅ ምን ሆና እንደሄደች ጠየቃት። አዝናልኝ መስሎኝ ነው አለችው፤ እንባዋ ቀደማት። እሱም ቢሆን በአሽሙር ሲነግራት እንደ ቁም ነገር የምትቀበለው እያሾፈችበት እየመሰለው ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያኮርፋት ኖሯል።

ጥሩሸዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ መውደቁ ቢቀርላትም አልፎ አልፎ ትፈዛለች። በማግስቱ ጠዋት የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ስለነበራት ወልደ ጻድቅ አብሯት ሄዶ የሆነውን ሁሉ ለጤና መኮንኑ ነገረው።

«ሕመሙ ያለበት ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም» አለ መኮንኑ ብዙ ከጠየቃት በኋላ። «አንዳንዱ ሰው ግን ሌላው ከንግግሩ ጀርባ ያሰበውን ማወቅ ይቸግረዋል። ንቀት አይደለም፤ ጅልነትም አይደለም። በግልጽ ንገሯት፤ አንቺም ካልገባሽ ጠይቂ።»

ጥሩሸዋ እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከላት።

«ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለእኔ ብቻ ያልተነገረኝ ቋንቋ ያለ ይመስለኝ ነበር» አለችው። «ተመስገን፤ ዛሬ ነገሩኝ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ቤት ሄዱ። ሴቶቹ የቀረውን ሱፍ እየተጣደፉ ይፈትሉ ነበር። ወልደ ጻድቅ መኮንኑ ያለውን አንድ ሳያስቀር ነገራቸው፤ የራሱንም ኩርፊያ አልደበቀም። አመተሥላሴ እንዝርቷን አስቀምጣ ቀና አለች።

«በሽታሽ መጥቶብሽ እንደፈዘዝሽ እያወቅሁ ነው የሸረደድኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«ይሄን የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።»

አንዷ ሴት፣ ከእንግዲህ ሱፉን ቤቷ እናድርስላትና እዚያው ሆና ትፍተል የሚል ሐሳብ አመጣች። ሌሎቹም ተስማሙ። ጥሩሸዋ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ምንም አልነገራትም።

«እንድሄድላችሁ ፈልጋችሁ ነው ወይስ ለእኔ ብላችሁ?»

«ለአንቺ ብለን ነው» አለች አመተሥላሴ። «ከእኛ ጋር ብትሆኚ ግን ደስ ይለናል።»

ጥሩሸዋ ባሏን አንተ ሂድ አለችው። ከክምሩ ሱፍ አንሥታ ከአመተሥላሴ ጎን ተቀመጠች።