የተደፈኑት መተንፈሻዎች

አቶ ክፍሉ ሚኒሶታ ሄዶ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድበት የገዛውን ድንኳን ቴክሳስ፣ ሮውሌት ከተማ ባለው ጋራዣቸው ውስጥ ተከለው። ጥቁር የሆነውን ውስጡን ብርድ በሚከላከል ብርማ ሽፋን አልብሶ፣ አምፖል አንጠልጥሎ ሚስቱን ጠራት።

ጽጌ ስትገባ ውስጡ እንደ ቀን በርቷል። እሷ ግን የጋዝ ማሞቂያውን አየችና የድንኳኑን የአየር መተንፈሻዎች ፈለገች። ሁለቱንም በብርማው ሽፋን ደፍኗቸዋል።

«አንተ ሰው! ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ጠፋህ?»

«ብርድ ይገባላ! ደግሞ አንቺ ነሽ የምትናገሪው? ንፋስ መታኝ እያልሽ በሐምሌ ሙቀት የመኪና መስኮት የምታዘጊኝ!»

«ንፋስ ቢመታህ አሽቼ አድንሃለሁ። ጋዝ ከገደለህ ምን ላደርግልህ ነው?»

መቀስ አንስታ ሽፋኑን በሁለቱም መተንፈሻዎች ላይ ቀደደችው። ከዚያም ቁጣዋ ሳይበርድ ወፍራም ጋቢ አምጥታ ትከሻው ላይ ወረወረችለት።