ያልተቃጠለ ታርጋ

ውሸታም አልወድም። መጋዘኑ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከኋላዬ «አሲዷ» እያሉ እንደሚጠሩኝም አውቃለሁ። ይበሉ። ጦርነቱ ሲጀመር በእርዳታ ከውጭ ከመጡት የጭነት መኪኖች ስንቱ ግንባር ሳይደርስ ገበያ ደረሰ! አንዱ አዛዥ መኪናዬ ተቃጠለ ብሎ ምትክ ወሰደ፤ ተቃጠለ የተባለው መኪና ግን ከተማ ውስጥ ሲሚንቶ ሲያመላልስ ተያዘ። ለጋሾቹ በዚህ ተናደው አንድ ሕግ አወጡ፤ የተቃጠለውን መኪና ታርጋ ያላመጣ የጦር ክፍል ምትክ አያገኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ከዚያች ሕግ ንቅንቅ የለም። ታርጋዎቹን የምቀበለው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከግንባር በጆንያ ይመጡልኛል። ጠረጴዛዬ ላይ እዘረግፋቸውና አንድ በአንድ አገላብጣለሁ። እሳት ያገኘው ታርጋ ያስታውቃል፤ ቀለሙ ተልጦ፣ ቆርቆሮው ተቆልምሞ ነው የሚመጣው፤ ሽታውማ ቤት ድረስ ይከተላል። እንዲህ ያለውን ማኅተም አደርግለታለሁ፣ ክፍሉም አዲስ መኪና ነድቶ ይሄዳል። ንጹሕ ሆኖ የመጣውን ግን «ይኼ ደግሞ ገላውን ታጥቦ ነው የተቃጠለው?» እያልኩ እመልሳለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሻምበል፣ አንድ እግራቸውን ግንባር ትተው የመጡ ሰው፣ በዚህች ቀልዴ ድሮ ይስቁ ነበር። አሁን አይስቁም።

ታናሽ ወንድሜ ከነዚህ መኪኖች የአንዱ ሾፌር ነው። ድምቡሼ እንለዋለን፤ ሕፃን እያለ ጉንጩ ዓይኑን ይሸፍነው ስለነበር ነው እንጂ፣ አሁንማ ሱሪው በቀበቶ ካልታሰረ አይቆምለትም። ሽቅብ ጥይት ጭኖ ይወጣል፣ ቁልቁል ቁስለኛ ይዞ ይወርዳል። መኪናውን ከዚሁ ግቢ ያስረከብኩት እኔው ነኝ። ያን ቀን ታርጋውን ሊገጥም ሲል ከእጁ ነጠቅሁትና በጀርባው ላይ በጥፍር ቀለሜ አንዲት ቀይ ነጥብ አደረግሁበት። ምን መሆንሽ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ቢጠፋ እንድለየው ነው አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለ ታርጋው አላነሳንም።

ድምፁን ከሰማን ሰነበትን። እናታችን ስለ እሱ መጠየቅ ትታለች። ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታየኛለች፤ ያየችውን አይታ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም ብሆን ጆንያ በመጣ ቁጥር ልቤ ተሰቅሎ ነው የምፈታው። ቀይ ነጥብ ሳላገኝ ስጨርስ ያን ቀን ምሳ ይበላልኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የድምቡሼ ክፍል ጆንያ መጣ። ውስጡ አራት ታርጋ ነበር። ሦስተኛውን ስገለብጠው ቀይዋ ነጥብ ወጣች።

ክው አልኩ። ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። ሻምበሉ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፤ ብቻ ቀስ በቀስ ታርጋው ታየኝ። ቀለሙ እንዳለ ነው። ቆርቆሮው አልተቆለመመም። የጥፍር ቀለሜ እንኳ፣ ክብሪት ቢጠጉት የሚነድ ነገር፣ እንደቀባሁት አለ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ላይ ጭረት የለም፤ አንድ ሰው ተረጋግቶ በካቻቢቴ ፈትቶታል። የቀሩትንም ሦስቱን አየሁ። አራቱም ንጹሕ።

«ዋሽተዋል!» አልኩ። «ሻምበል፣ መኪናው አለ! ዋሽተዋል እኮ!»

በዕድሜዬ ውሸታም የወደድኩት ያኔ ብቻ ነው። መኪናው ካለ ሾፌሩ አለ። ምናልባት አንድ ጓሮ ውስጥ ቅጠል አልብሰው ደብቀውታል፤ ድምቡሼም ጥላው ሥር ጋደም ብሏል፤ ሌባው ሁሉ ይባረክ! ሻምበሉ ግን ታርጋውን ተቀብለው አገላበጡት እንጂ አልሳቁም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፣ ጆንያውን ያመጣው ወታደር ሰነድ ሊያስፈርም ሄዷል፣ ከሰዓት ይመጣል፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው አሉኝ። እኚህ ሰው ደስታ አይወዱም ብዬ ተናደድኩባቸው። አራቱንም ታርጋ «ተመላሽ» ከሚለው መደርደሪያ ላይ ወረወርኩና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እማዬ እንደልማዷ ፊቴን አየች። እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አለ፣ ደህና ነው፣ ታርጋው ንጹሕ ነው እያልኩ አቀፍኳት። ምኑም አልገባትም፤ «አለ» የምትለው ብቻ በቃቻት። ወዲያው አንሶላውን አወጣች፣ ድምቡሼ የሚተኛበትን ፍራሽ ተጋግዘን ሰገነቱ ላይ አሰጣነው። ጎረቤቷን በመስኮት ጠርታ ልጄ ሊመጣ ነው ስትል እየሰማኋት ደረጃውን ወረድኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት ወታደሩ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ሁለቱም እጆቹ ግን የተቃጠለ ጠባሳ ናቸው፤ ጣቶቹ አይዘረጉም። አራት መኪና ሊረከብ ሾፌሮች ይዞ መጥቷል። እኔ እቴ! ዛሬ ማን ይችለኛል? አንድም መኪና አታገኝም፣ ይኼ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ ይልቅ መኪኖቹን የት እንደደበቃችኋቸው ንገረኝ አልኩት። አልተቆጣም። ተመላሽ ወደሚለው መደርደሪያ አየና፣ ታርጋ አስነቃይዋ እርስዎ ነዎት እንዴ አለኝ። ምን ማለትህ ነው አልኩት።

«ታርጋ ካላመጣን መኪና አትሰጡንም» አለ። «መኪና ከሌለ ቁስለኛው ተራራው ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንድ መኪና ሲመታ ታርጋ ለመንቀል እሳት ውስጥ እንገባ ነበር። እኔ እጄን ይዤ ወጣሁ። ጓደኛዬ አልወጣም።»

ሻምበሉ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ከዚያ በኋላ ነው ዘዴው የመጣው» አለ ወታደሩ። «ወደ ላይ ከመውጣታችን በፊት ሁላችንም ታርጋችንን ፈትተን ለዕቃ ቤቱ ሰው እንሰጣለን። የተመለሰ መልሶ ይገጥማል። ያልተመለሰውን እናንተ ጋ እንልካለን። ንጹሕ የሆነው ለዚያ ነው።»

ቀይ ነጥብ ያለበትን ታርጋ አንስቼ አሳየሁት፤ ይኼስ አልኩት።

«የድምቡሼ ነው» አለ። ቅጽል ስሙን ከቤታችን ውጭ ሰው ያውቀዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «ዘዴውም የእሱ ነው። ለታርጋ ሲባል ማንም እሳት ውስጥ አይግባ አለን። መጋዘኑ ውስጥ እህት አለችኝ፣ ቁጡ ናት ግን ፍርድ ታውቃለች፣ ስመለስ አስረዳታለሁ ብሎን ነበር።»

«መኪናውን አይተኸዋል?»

«ከኋላው ባለው መኪና ላይ ነበርኩ፣ እህቴ። ከመኪናው አልወረደም።»

የሆንኩትን መናገር አልችልም፤ መናገርም አልፈልግም። ሻምበሉ ዛሬ ተዪው፣ ሌላ ሰው ይጨርሰው አሉኝ። እምቢ አልኩ። ተራራው ላይ ቁስለኛ አለ፤ ድምቡሼ ሊያወርደው የወጣውም ሊኖርበት ይችላል። አራቱንም ታርጋ ከመደርደሪያው አንስቼ ማኅተም አደረግሁባቸው። የእሱን መጨረሻ አደረግሁት። ለመኪናው ምትክ ተፈቀደ። የአዲሱ መኪና ፕላስቲክ ሽፋን እንኳ ከወንበሩ ላይ አልተነሳም፤ ማን እንደሚነዳው ሳላይ ፊቴን አዞርኩ። ለጋሾቹ መኪናቸውን በመኪና ይተካሉ፤ ስለ ሾፌሩ ግን አንድ ሰው እንኳ ምን ይምጣ ብሎ አይጠይቀኝም። ጥርሴን ነክሼ ነው የዋልኩት፤ ተናድጄ፣ በማን እንደምናደድ እንኳ ሳላውቅ።

ማምሻውን ሰማዩ ደመና አዝሎ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ከታች ያሉት ሴቶች እንኳን ደስ አላችሁ አሉኝ። እማዬ በሩን ከፍታ ቆማለች፤ ጸጉሯን ታጥባ አበጥራለች። ነገ ነው ከነገ ወዲያ የሚመጣው ልትለኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቴን አየች።

ጠዋት የሰጠኋትን በገዛ አፌ ቀማኋት። ታርጋው ንጹሕ የሆነው ልጇ ሰው እንዳይቃጠል ብሎ ስለፈታው እንደሆነ ነገርኳት፤ ይህን እንኳ ትያዝ ብዬ። መስማቷን እንጃ። ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ መጣል ሲጀምር ፍራሹ ትዝ አለኝና ላስገባው ብድግ አልኩ።

«ተዪው» አለችኝ እማዬ። «ይበስብስ።»