ዙሪያው ወንድሜ

ወንድሜን ቤተሰቡ «ዙሪያው» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ደግ አደረግሁ። የአሳንሰር መካኒክ ስለሆነ አሳንሰር በቆመበት አገር ሁሉ ይልኩታል። ሰው በቀጥታ በረራ ውልብ ብሎ የሚደርስበትን እሱ ሌላ ከተማ ወርዶ፣ ወንበር ላይ አንቀላፍቶ፣ በማግስቱ ይደርሳል። ቀጥታ የሚበረው አየር መንገድ እሱ የደንበኛ ካርድ ካወጣበት የአየር መንገዶች ጥምረት ውስጥ የለማ!

«ተዛምደዋል እኮ» ይለኛል። «የአንዱ ደንበኛ የሌላውም ደንበኛ ነው። እዚህ በመብረር ያጠራቀምኩት ማይል እዚያም ቤት እንደ ገንዘብ ትኬት ይቆርጣል።»

«አንተን የሚያንከራትት ዝምድና ይቅርብን!» እለዋለሁ። ሠርጌ ላይ እንኳ የደረሰው ወንበር ሲነሳ ነው። ይህን ሳላነሳበት ያለፈ ዓመት የለም።

አምና እናታችን ልቧን ታመመች። ሐኪሙ «ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ትገባለች» አለ። እማዬ በስልክ «ሳልገባ ዓይንሽን ልየው» አለችኝ። እኔ የምኖረው ባሕር ማዶ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጅጌው ያልተገጠመ ኮት ማሽኑ ላይ ትቼ ትኬት ቢሮ ሮጥኩ። የቀረው ወንበር ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ለወንድሜ ደውዬ አለቀስኩ። እሱ ያን ሰሞን እማዬ ባለችበት አገር፣ ጠረፍ ከተማ ላይ ነበር የሚሠራው።

«አታልቅሺ፤ ፓስፖርትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» አለኝ።

ወዲያው ትኬቱ ስልኬ ላይ ገባ። በማይሉ የቆረጠልኝ ነው። አየር መንገዱን ወንድሜ አንድም ቀን ተሳፍሮበት አያውቅም፤ ግን ከነዚያ «ዘመዶቹ» አንዱ ነው።

የተሳፈርኩበት አውሮፕላን መሸጋገሪያው ከተማ ዘግይቶ ደረሰ። አለቀልኝ ስል፣ ቀጥሎ የምሳፈርበትን አየር መንገድ የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ስሜን ጽፋ በር ላይ ቆማለች። «እየጠበቅንዎት ነው፤ እንሩጥ!» ብላ አብራኝ ሮጠች። እግሯን እንቅፋት አይምታው።

ሲነጋ እማዬ አልጋ አጠገብ ነበርኩ። «መጣሽልኝ» አለችና እጄን ይዛ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ አልለቀቀችኝም።

ወንድሜ ግን የለም። ዛሬም ዙሪያ ጥምጥም! ብዬ ጦፍኩ። ሐኪሙ ወጥቶ «በደህና ተጠናቋል» ካለን በኋላ፣ ከሰዓት፣ አቧራ ለብሶ ብቅ አለ።

«በየት በኩል ነው የመጣኸው?»

«በአውቶቡስ።»

«አንተ? ያ ሁሉ ማይልስ?»

«ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚበቃው» አለ እየተቀመጠ። «እማዬ ደግሞ የጠራችው አንቺን ነው።»

ያበጠ እግሩን አይቼ ጎንበስ አልኩና የጫማውን ክር ፈታሁለት። እግዜር እንዲህ ያለ ወንድም ሰጥቶኝ ስሳደብ ኖሬያለሁ።

ማታ እማዬ ዓይኗን ገለጠች። «ዙሪያውስ ደረሰ?» አለች።

«ከእኔ በፊት ነው የደረሰው» አልኳት።